የጉድጓዱ ውሃ ጨው እየጨመረ ሄደ፤ ጠልቀን እንቆፍር ወይስ ማሽን እንግዛ?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ መምህር ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«የማስተምረው ሶማሌ ክልል ሸበሌ ዞን ውስጥ፣ ከወንዙ ራቅ ያለ ቀበሌ ነው። 140 ገደማ አባወራ አለ። የምንጠጣው በእጅ ከተቆፈረ፣ 18 ሜትር ከሚጠልቅ ጉድጓድ ነው። ድርቁ ከመጣ ወዲህ ውሃው እየመረረ ሄደ። ከ3 ዓመት በፊት ለክተው 2,600 ነው ብለውን ነበር፤ አሁን 4,800 ሆኗል። መለኪያው ማይክሮ ሲመንስ የሚባለው ነው። ሳሙና አረፋ አይሰጥም። ባቄላ ቀኑን ሙሉ ቢጣድ አይበስልም። ልጆች ሆዳቸው አይጸናም። ፍየሎች እየጨነገፉ ነው። ጅዳ ያሉ የአካባቢው ልጆች ገንዘብ አዋጥተዋል። ግማሹ ሰው ጉድጓዱን እናስጠልቀው ይላል፣ ግማሹ ማጣሪያ ማሽን ይገዛ ይላል። እስከዚያው አፍልተን እንጠጣ ወይ?»

መምህር፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ዛሬ ማታ የሚያስፈልጋችሁ መልስ እሱ ነውና። ማፍላት ጨውን አይቀንስም። እንዲያውም ያባብሰዋል። ሲፈላ የሚተነው ውሃው ነው፤ ጨው ድስቱ ውስጥ ይቀራል። 3 ሊትር ጥዳችሁ 2 ሊትር ተኩል ካወጣችሁ፣ የ3 ሊትሩ ጨው በሙሉ እዚያው ውስጥ ነው። ውሃ አጋር (ፈሳሹ ክሎሪን)፣ ቢሻን ጋሪ (የውሃ ማከሚያ ዱቄት)፣ የሸክላ ማጣሪያ፣ የአሸዋ ማጣሪያ፣ የሽፈራው (ሞሪንጋ) ፍሬ፣ ሁሉም በየፊናቸው ጥሩ ናቸው። ጀርም ይገድላሉ ወይም ድፍርሱን ያጠራሉ። የሟሟ ጨው ግን በሁሉም ውስጥ ሰተት ብሎ ያልፋል።

ይህን ስል ግን ክሎሪኑን ተዉት ማለቴ አይደለም። ቆላ በሄድኩበት ሁሉ «ጨው ያለበት ውሃ ጀርም አያኖርም» ሲባል እሰማለሁ። ውሸት ነው። የኮሌራ ተህዋሲ እንዲያውም ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ይስማማዋል። የሚጠጣው ውሃ ጨዋማም ሆነ አልሆነ መታከሙን ይቀጥል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 4,800 ማይክሮ ሲመንስ የሚለካው ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው። ጨው በበዛ ቁጥር ያ ይጨምራል። በ0.65 ገደማ ስታባዙት በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟውን ነገር በሚሊ ግራም ያህል ይነግራችኋል። የእናንተው ወደ 3,100 ይመጣል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክማ የምትመጣ ልጅ ከውሃው ጋር ከ60 ግራም በላይ ጨው ተሸክማለች ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ600 በታች ያለው ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ከ1,000 ካለፈ ለመጠጣት እየከበደ ይሄዳል ይላል። አንድ ነገር ግን አረጋግጡልኝ። የመለኪያው ስክሪን ላይ የሚታየው ማይክሮ ሲመንስ ነው ወይስ ፒፒኤም (በሊትር ውስጥ የሟሟው ሚሊ ግራም)? አንዳንዱ መለኪያ ሁለቱንም ያሳያል። የድሮውን በአንዱ፣ የአሁኑን በሌላው ለክተው ከሆነ ማነጻጸሩ ዋጋ የለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት «ከዚህ ካለፈ ጤና ይጎዳል» የሚል የጠቅላላ ጨው ልክ አላስቀመጠም። ምክንያቱም ጉዳቱ የሚወሰነው በጨው ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ የሰጡኝ ምልክቶች ብዙ ይናገራሉ።

የሸበሌ ቆላ ከስሩ በጥንት ዘመን ባሕር ትቶት የሄደ የኖራ ድንጋይና የጀሶ ንጣፍ አለበት። ውሃ ጀሶ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ሰልፌት ይዞ ይወጣል። ሳሙናውን አረፋ የከለከለው፣ ባቄላውን ደግሞ እንደ ጠጠር ያደረቀው ካልሲየሙ ነው። ሆድ የሚያላላው ሰልፌት ነው፤ በተለይ ከማግኒዚየም ጋር ሲሆን ጣዕሙ ጨው ጨው ከማለት ይልቅ ይመራል። እርስዎም «እየመረረ» ነው ያሉት።

ነገር ግን ጀሶ ብቻውን የትም አይሄድም። በሊትር ከ2 እስከ 2 ግራም ተኩል ያህል ከሟሟ በኋላ ውሃው ይጠግባል፤ ከዚያ በላይ አይቀበልም። የእናንተ ውሃ 3 ግራም አልፏል። ስለዚህ ሌላ ጨው፣ ምናልባትም ተራው የገበታ ጨው ያለው ሶዲየምና ክሎራይድ፣ እየገባ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይህ አዲሱ ጨው ከየት መጣ የሚለው ነው። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ሰዎቹ።

ሰልፌት በሊትር ከ1,000 ሚሊ ግራም ሲያልፍ ተቅማጥ ያመጣል። የለመደ ሰው ይችለዋል፤ እንግዳና ሕፃን ግን አይችሉም። ሶዲየሙ ደግሞ ድምፅ የለውም። አንድ ሊትር ውስጥ 500 ሚሊ ግራም ሶዲየም አለ እንበል። በዚያ ሙቀት አንድ አዋቂ 3 ሊትር ቢጠጣ 1,500 ሚሊ ግራም በውሃ ብቻ ወሰደ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ የሚመክረው፣ ምግቡም ተጨምሮ፣ በቀን ከ2,000 በታች ነው። የባንግላዴሽ የባሕር ዳርቻ መንደሮች ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ጨዋማ ውሃ መጠጣትን በእርግዝና ጊዜ ከሚመጣ የደም ግፊት ጋር አያይዘውታል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሕፃናት፣ ለደም ግፊትና ለኩላሊት ሕመምተኞች ነው። ነፍሰ ጡሯ ራስ ምታት ከበረታባት፣ ዓይኗ ብዥ ካለ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ ነገ ዛሬ ሳትባል ጤና ጣቢያ ትድረስ።

ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ውሃ ጭራሽ አያስፈልገውም። የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ በሙቀትም ቢሆን። ልጅ ሲያስቀምጠው ኦአርኤስ በጉድጓዱ ውሃ አትበጥብጡ። ኦአርኤስ ጨዉ ተለክቶ የተዘጋጀ ነው። ጨዋማ ውሃ ላይ ሲበጠበጥ ልኩ ይዛባል፣ ለትንሽ ልጅ አደገኛ ይሆናል። እኔ ብሆን ጤና ኬላው ውስጥ አንድ ጀሪካን ጥሩ ውሃ አሽጌ ለኦአርኤስና ለመድኃኒት ብቻ አስቀምጥ ነበር። ምግብ ላይ የሚጨመረውን ጨውም ቀንሱ። ፈጽሞ ግን አትተዉት፤ አዮዲን የምታገኙት ከእሱ ነው። የጉድጓዱ ጨው አያካክሰውም።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ። ውሃውን ለሁለት ክፈሉት። ድርቅ ውስጥ ያለ መንደር ትልቁ ስህተት ያለውን ውሃ በሙሉ የሚጠጣ ለማድረግ መሞከር ነው። አያስፈልግም። ለመጠጥና ለማብሰያ አንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ቢያገኝ ይበቃዋል። ለ140 አባወራ፣ በአማካይ 6 ሰው ብንል፣ 4,200 ሊትር ይሆናል። ልብስ፣ ገላ፣ ዕቃ፣ ከብት፣ ግንባታ፣ ይህ ሁሉ በጨዋማው ይሠራ። ትግሉ 4,200 ሊትር ጥሩ ውሃ ማግኘቱ ላይ ብቻ ይሁን። ይህ የሚሞከር ቁጥር ነው። ጀሪካኖቹን በቀለም ለዩአቸው። ቢጫው የጉድጓድ፣ ሰማያዊው የመጠጥ። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ነገር ግን ልጅ የተላከበትን የማያምታታው በዚህ ነው።

የቦቴ ውሃ የሚመጣላችሁ ከሆነ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ወይም ወደ ክፍት ኩሬ አታስገልብጡት። ብዙ ቦታ አይቻለሁ፤ ያናድዳል። ሮቶ ውስጥ ገብቶ ተቆልፎ ለመጠጥ ብቻ ይውል። ካልበቃም መቀላቀል ይቻላል። የቦቴው ውሃ 300 ቢሆንና የእናንተው 3,100 ቢሆን፣ ሦስት እጅ ከቦቴው አንድ እጅ ከጉድጓዱ ብትቀላቅሉ 1,000 ላይ ያርፋል። የአንድ ቦቴ ውሃ በሲሶ ያህል ረዘመ ማለት ነው። ድብልቁ ለአዋቂ ነው። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ያልተቀላቀለው ይሰጥ።

አሁን ጨዉ ለምን ጨመረ? ይህን ሳታውቁ አንድ ብር አታውጡ።

እንዲህ ባለ አገር ከመሬት በታች ያለው ውሃ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። ከታች ለረጅም ዘመን ከድንጋይ ጋር የኖረ ከባድ ጨዋማ ውሃ አለ። ከላዩ ደግሞ ዝናብ ያስገባው ቀለል ያለ ውሃ፣ ወተት ላይ እንዳለ ስልባቦት ተንሳፎ ይቀመጣል። ጉድጓዱ የሚቀዳው ከዚህ ከላይኛው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል። በሚያዝያ ገደማ የሚጀምረው «ጉ» የሚባለው ዝናብም፣ በጥቅምት ገደማ የሚጀምረው «ዴይር»ም። ላይኛው ውሃ የሚተካው አጥቶ ቀጠነ። መቅዳቱ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ሌሎች ጉድጓዶች ሲደርቁ የእነሱም ሰውና ከብት ወደዚህ መጣ። ከላይ ሲሳብ የታችኛው ይነሳል። በጉድጓዱ ስር ወደ ላይ ይቆለላል።

ይህ መላምት ነው፤ ማረጋገጫው ግን እጃችሁ ላይ ነው። የኪስ መለኪያ ግዙ። ርካሽ ነች፣ በባትሪ ትሠራለች። ለተማሪዎችም ጥሩ የሳይንስ ትምህርት ትሆናለች። ጠዋት ማንም ሳይቀዳ ለኩ። ማታ ሁሉም ቀድቶ ሲያበቃ ለኩ። ባልዲው ከውሃው ወለል የቀዳውንና በገመድ ወደ ታች ሰዳችሁ ከስር ያወጣችሁትንም ለየብቻ ለኩ። የውሃውን ጥልቀትም ቋጠሮ ባለው ገመድ ለኩ። ሁሉንም በአንድ ደብተር ላይ፣ ከቀኑ ጋር ጻፉ።

የጨዉ ቁጥር ጠዋት ዝቅ ብሎ ማታ ከፍ ካለ፣ በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ከተመለሰ፣ ችግሩ አቀዳዱ ነው። የታችኛው ውሃ እየተሳበ ነው። ይህ ከሁሉም የተሻለው ዜና ነው፣ ምክንያቱም መፍትሔው ነፃ ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመቅዳት ቀኑን አከፋፍላችሁ ቅዱ። ለመጠጥ የሚሆነው በማለዳ ይቀዳ፣ ከብት ከሰዓት በኋላ ይምጣ። ባልዲው ስሩን እንዳይመታ ገመዱን አሳጥሩት። ሞተር ፓምፕ ገጥማችሁ ከሆነ የሚስበውን መጠን ቀንሱ ወይም መምጠጫውን ወደ ላይ አንሱት።

ጠዋትም ማታም አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ከወር ወር ግን እየወጣ ከሄደ፣ ነገሩ ከዚህ ሰፊ ነው። አካባቢው በሙሉ ውሃ እየጎደለበት ነው። አቀዳድ ማስተካከል ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።

ሦስተኛው ዕድል አለ፤ ሰው የማያስበው እሱን ነው። አንድ ጉድጓድ ብቻ ሲበላሽ፣ ከ200 እና ከ300 ሜትር ርቀት ያለው ሌላው ደህና ከሆነ፣ ዓይናችሁን ወደ ላይ አንሱ። በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ከብት ለዓመታት ቆሟል። ሽንቱና ፋንድያው ውስጥ ጨውና ናይትሬት አለ። የሚፈስሰው ውሃ ያንን አጥቦ ተመልሶ ይገባል። የመጸዳጃ ጉድጓድ ቅርብ ከሆነም እንዲሁ። እንዲህ ከሆነ የከብት ማጠጫውን ገንዳ በቦይ 30፣ 40 ሜትር ወደ ታችኛው ተዳፋት ማራቅ፣ አፉን በሲሚንቶ ከፍ አድርጎ መገንባት፣ ዙሪያውን ማጠር ነው ሥራው።

የማስጠለቁን ሐሳብ አሁን ራሳችሁ ልትመልሱት ትችላላችሁ። ከስር የወጣው ናሙና ከላይኛው የበለጠ ጨው ካሳየ ማስጠለቅ ማለት ወደ ጨዉ መሄድ ነው። በዚህ ዞን እየተጠለቀ የተቆፈረ ጉድጓድ ሁሉ ጥሩ ውሃ አላገኘም፤ የጀሶው ንጣፍ በብዙ ቦታ ወፍራም ነው። ከወረዳው ወይም ከክልሉ ውሃ ቢሮ በአቅራቢያችሁ የተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶችን መዝገብ ጠይቁ። ጥልቀታቸውና የውሃቸው ጥራት ተጽፎ መቀመጥ አለበት። ጎረቤት ቀበሌ 150 ሜትር ቆፍሮ ጨው ካገኘ የእናንተ የተለየ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ገንዘቡን መሬት ውስጥ ከመቅበራችሁ በፊት ያንን እዩ።

ይልቅስ ወደ ጎን አስቡ። በቅርባችሁ ደረቅ ወንዝ፣ ቶግ የሚሉት፣ ካለ አሸዋው ውስጥ ያለው ውሃ ብዙ ጊዜ ከጉድጓዱ ውሃ የተሻለ ነው። ጎርፍ በመጣ ቁጥር ስለሚታደስ። መለኪያዋን ይዛችሁ ሂዱ። መሃሉ ላይም፣ ጠርዙ ላይም፣ መታጠፊያው ላይም በእጅ ቆፍራችሁ ለኩ። ሃምሳ ሜትር ውስጥ ልዩነቱ ሲያስደንቃችሁ ታያላችሁ። ጥሩውን ቦታ ካገኛችሁ ለሰው ብቻ አጥሩት። ወንዙ ስር ጠንካራ ድንጋይ ካለው የአሸዋ ግድብ መሥራት ይቻላል። ኬንያ ውስጥ ኪቱይና ማቻኮስ አካባቢ በብዛት አሉ። ግድቡ ውሃ ሳይሆን አሸዋ ነው የሚይዘው፤ ውሃው አሸዋው ውስጥ ይቀመጣል። ደረጃው ከአሸዋው ወለል 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ሲል ፀሐይ ማትነኑን ያቆማል ማለት ይቻላል። ግድቡ ግን የሚያውቅ መሐንዲስ ይፈልጋል። ድንጋይ ላይ ያልተቀመጠ ግድብ በመጀመሪያው ጎርፍ ይሄዳል።

ቢርካ፣ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት የተገነባ ጉድጓድ፣ ደግሞ የሶማሌ ሕዝብ ከማናችንም በፊት የሚያውቀው ነገር ነው፤ ለእናንተ ሽማግሌዎች እኔ ማስተማር አልችልም። ስሌቱን ብቻ ልጨምር። 4,200 ሊትር በቀን ለ120 ደረቅ ቀናት ወደ 500 ሜትር ኩብ ነው። 15 ሜትር በ10 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ተኩል የሆነ ቢርካ ይይዘዋል። ግን ክፍት ከሆነ በዚያ ሙቀትና ንፋስ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሊተን ይችላል። በ150 ካሬ ሜትር ላይ ያ 900 ሊትር ነው። ከምትጠጡት ከአምስት እጅ አንዱን በላይ ፀሐይ ትጠጣለች። ስለዚህ አዲስ ቢርካ ከመቆፈር በፊት ያለውን ሸፍኑት። ቆርቆሮ ካለ በቆርቆሮ፣ ከሌለ በእንጨትና በሰሌን። የተሰነጠቀ ቢርካ ካላችሁም መጠገኑ ከአዲሱ በብዙ ይረክሳል። ጎርፉ ከመግባቱ በፊት ደለል የሚጥልበት ትንሽ ገንዳ ይኑረው። ዙሪያው ይታጠር፤ ልጅ ይገባበታል።

የእርስዎ ትምህርት ቤት ጣሪያስ? ቆርቆሮ ከሆነ እዚያው የቆመ የውሃ ምንጭ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 3,200 ሊትር ታገኛላችሁ። ከአንድ ቀን ዝናብ። ዓመቱ ክፉ ሆኖ በጠቅላላው 100 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዘንብ እንኳ 16,000 ሊትር ነው። ለመንደሩ ሁሉ አይበቃም። ለጤና ኬላው፣ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ግን ለወራት ይሆናል። አሸንዳና ሁለት ሮቶ ነው የሚፈልገው። የመጀመሪያውን ውሃ፣ አቧራውን ያጠበውን፣ ወደ ውጭ ልቀቁት።

አሁን ማሽኑ። ጅዳ ያሉት ልጆች ለምን እንዳሰቡት ይገባኛል። እዚያ የሚጠጡት ውሃ ራሱ በብዛት ከባሕር ጨዉ ወጥቶ የሚመጣ ነው። ቴክኖሎጂው ይሠራል። ውሃውን በኃይል በስስ ሽፋን ውስጥ ያሳልፋል፤ ጨዉ በአንድ ወገን ይቀራል። በሶላርም ይሄዳል፣ ምክንያቱም የጉድጓድ ጨው ከባሕሩ በጣም ያነሰ ስለሆነ ብዙ ኃይል አይፈልግም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ማሽኑ ከሚገባው ውሃ ግማሹን ያህል ቢያወጣ 4,200 ሊትር ለማግኘት 8,400 ሊትር መሳብ አለባችሁ። ጉድጓዱ ያን ያህል ይሰጣል? ብዙ ሲሳብ ጨው የሚነሳበት ጉድጓድ ከሆነ ማሽኑ ራሱ ውሃውን ያበላሸዋል። ሁለተኛ፣ ቀሪው 4,200 ሊትር ጨዉ በእጥፍ ሆኖ፣ ወደ 6,200 ደርሶ፣ በየቀኑ ይወጣል። የት ይፈስሳል? ጉድጓዱ አጠገብ ከፈሰሰ ተመልሶ ይገባል። ሦስተኛው ሻጮች የማይነግሯችሁ ነው። ጀሶ ያለበት ውሃ ማሽኑ ውስጥ ሲወፍር ጀሶው ሽፋኑ ላይ ድንጋይ ሆኖ ይጋገራል። በደንብ የተያዘ ሽፋን ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። ጀሶ የጋገረበት ግን በወራት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ይህን የሚከላከል ኬሚካል አለ፤ ግን ከአዲስ አበባ እየተገዛ ሊመጣ ነው። የካልሲየምና የሰልፌት መጠን ሳይጠይቅ ዋጋ የሚነግራችሁ ሻጭ ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። ቆሞ አቧራ የጠጣ ማሽን አይቼ አዝኛለሁ፤ ብዙውን ጊዜ የጎደለው አንድ ዕቃና ደመወዝ የሚከፈለው አንድ ሰው ነበር።

በመስታወት የተሸፈነ የፀሐይ ማትነኛ ሳጥን ለመንደር አይሆንም። ከአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ3 እስከ 4 ሊትር ብቻ ነው የሚሰጠው። ለጤና ኬላ ግን ሁለት ሦስት ቢሠሩ አልጠላም። እዚያ ፀሐይ ሞልቷል፣ የሚበላሽ ነገርም የለውም።

የፍየሎቹ ነገር አልተዋጠልኝም። ለከብት የሚታወቀው ልክ እንዲህ ነው። እስከ 3,000 ድረስ ብዙም አያስቸግርም። ከ3,000 እስከ 5,000 መጀመሪያ ላይ ይጠየፉታል፣ ሊያስቀምጣቸው ይችላል፣ ግን ይኖሩበታል። ዶሮ ግን አይስማማትም። ከ5,000 በላይ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ አይመከርም። ከ10,000 በላይ ለማንም አይሰጥም። ግመል ደግሞ ከሁሉም ይችላል። የእናንተ ውሃ 3,100 ነው። በዚህ ጨው ብቻ ፍየል ትጨነግፋለች ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ረሃብ አንድ ምክንያት ነው። ናይትሬት ሌላው ነው። ብሩሴሎሲስ የሚባለው የሚያስጨነግፍ በሽታም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ወደ ሰው ይተላለፋል። ስለዚህ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም አሁኑኑ ጥሩት። የጨነገፈውን ጽንስና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ አትንኩ፤ እጃችሁን በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ቅበሩት፣ ውሻ እንዳያወጣው። ጥሬ ወተት መጠጣት ልማድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የፍየሉንም የግመሉንም፣ ሐኪሙ እስኪያጣራ ድረስ አፍሉት። ለዚህ ማፍላት ይረዳል። የከብት ገንዳውን ደግሞ ማታ ማታ ባዶ አድርጉት። በፀሐይ የከረመ ትርፍራፊ ውሃ ከጉድጓዱ ይበልጥ ጨው ይሆናል። ቦሌ (ለከብት የሚሰጠውን ጨዋማ አፈር) የምትሰጡ ከሆነም ለጊዜው አቁሙ።

ስለ ገንዘቡ እኔ ብጠየቅ እንዲህ አወጣዋለሁ። መጀመሪያ መለኪያዋና የላብራቶሪ ምርመራው፤ ይህ ትንሹ ወጪ ነው። ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ አሸንዳና ሮቶ። ከዚያ የቢርካው ሽፋንና ጥገና። የእጅ ፓምፕ ለመግጠም ካሰባችሁ አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ይሻላል፤ ቧንቧው ፕላስቲክ ስለሆነ ጨው እንደ ብረቱ አይበላውም። ማሽኑ ከዚህ ሁሉ በኋላ የጎደለ ውሃ ካለ ይታሰብ። ያኔም የመጀመሪያው ዓመት ማስኬጃና የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ አብሮ ተመድቦ ካልሆነ አይገዛ።

ለምርመራው ንጹህ የፕላስቲክ ጠርሙስ በራሱ በጉድጓዱ ውሃ ሦስቴ አለቅልቁ፣ አየር ሳይቀር እስከ አፉ ሙሉ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉበት። ከፀሐይ ከልላችሁ በፍጥነት ለክልሉ ውሃ ቢሮ ላብራቶሪ አድርሱ። ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ክሎራይድ፣ ሰልፌት፣ ባይካርቦኔት፣ ናይትሬትና ፍሎራይድ ይለካ በሉ። ፍሎራይድ ጣዕም ስለሌለው ሳይለካ አይታወቅም፤ ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ የልጆቹን ጥርስና አጥንት ይነካል። ናይትሬት ከ50 ካለፈ ደግሞ ለጨቅላ ሕፃን አይሰጥም፣ የፍየሎቹንም ጉዳይ በከፊል ሊያብራራ ይችላል። አንድ ናሙና ከጉ ዝናብ በፊት፣ አንድ ደግሞ ዝናቡ ካበቃ ከወር በኋላ ውሰዱ። በሁለቱ መካከል ጨዉ ከቀነሰ ጉድጓዱ አሁንም ከዝናብ ይቀበላል ማለት ነው፤ ከላዩ ባለው ተዳፋት ላይ ትናንሽ የማስረጊያ ጉድጓዶችን መቆፈር ያዋጣል። ካልቀነሰ ጉልበታችሁን ወደ ቶጉና ወደ ቢርካው አዙሩት።